ግራ ጥጉ የተቆረጠ ትሪ

የፊዚክስ መምህሯ ፊቷን ታጥባ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ፣ ታላቅ ወንድሟ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባቱን አጥብቆ፣ በአንድ እጁ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ በብብቱ የእንቁላል ትሪ ሸጉጦ ከቤት ሲወጣ አየችው። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው ግራጫ የካርቶን ትሪ ነው፤ ባዶውን። የትምህርት ጽሕፈት ቤት የሥልጠና ባለሙያ፣ ጎረቤት ከመንገድ ወርዶ ሰላም የሚለው ሰው፣ በማለዳ ትሪ በብብቱ ይዞ ሲሄድ ማየት ያስቃል፤ እሷም ሳቀች። ሚስቱ እንቁላል ግዛ ብላ የላከችው መሰላት። አባታቸው ገና በልጅነቱ "ሊቁ" ብለው ያወጡለት ስም እስከ ዛሬ በቤት ውስጥ መጠሪያው ነውና፣ "ሊቁም ገበያ ይላካል ለካ" አለች በሆዷ። እሱ ግን ዞር ብሎ ሲያያት እንደመደንገጥ አለና፣ ደኅና ዋይ እንኳ ሳይል በሩን ከኋላው ዘጋው።

ያን ጊዜ ሳሎን ገብታ ቡፌውን አየት አድርጋው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ወዲያው ይገባት ነበር። አላየችም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ለሚጀምር የግዴታ ሥልጠና ተጠርታለች፤ የቀረ ሰው በደብዳቤ ይጠየቃል ተብሏል፤ ቁርሷን እንኳ ቆማ ነው የጎረሰችው። ቡፌው ላይ፣ ማንም ጠጥቶባቸው ከማያውቁ ብርጭቆዎች ጎን፣ በዳንቴል ላይ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ትምህርት ቤቱ ሊጥለው መጋዘን ደጃፍ ያወጣው ነበር። እሷ አስፈቅዳ ወሰደችው፤ የስልክ መስመር ሠራተኛ ሆነው ጡረታ የወጡት አባቷ ደግሞ ፈተው፣ ጠርገው፣ የሞተውን ክፍል ቀይረው አስነሡት። የክፍሏ ድረ ገጽ የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው። አንድ መጽሐፍ ለአምስት የሚካፈሉ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ከየቤታቸው፣ ከየታክሲው፣ ከየደረጃው ላይ ሆነው በስልክ ይገቡበታል፤ ትምህርቱ፣ የተሠሩ ጥያቄዎች፣ ያልገባቸውን የሚጠይቁበት ቦታ፣ ሁሉም እዚያ አለ። የመጨረሻው ፈተና ከነገ ወዲያ ነበርና ሰሞኑን ልጆቹ ከገጹ ላይ አልወርድ ብለው ነበር። አባትየው ጠዋት ቁርስ ከመቅረባቸው በፊት፣ ማታም ራት ሲበላ፣ ወደ ቡፌው ጎንበስ ብለው የማሽኑን መብራት ያዩና "አረንጓዴ ነው" ይላሉ። ከዚያ ውጪ ስለ ድረ ገጽ የሚሉት ነገር የላቸውም። የመጀመሪያው በጋ ላይ ማሽኑ እየጋለ ሲጠፋ ያስቸገረ ጊዜ፣ ከኩሽና የእንቁላል ትሪ አምጥተው ከሥሩ የሸጎጡለት፣ ሶኬቱ በግራ በኩል ስለሆነ ሽቦው እንዲያልፍ የትሪውን ግራ ጥግ በመቀስ ቆርጠው፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር የጠቀለሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ጠፍቶ አያውቅም።

ሥልጠናው በአንድ የስብሰባ አዳራሽ ነበር፤ ከአርባ ትምህርት ቤቶች አርባ መምህራን። ርእሱ በጨርቅ ላይ ተጽፎ ከመድረኩ በላይ ተሰቅሏል፤ መምህራን የክፍላቸውን ድረ ገጽ ራሳቸው እንዴት እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚያኖሩ። መምህሯ ርእሱን ስታነብ ደስ አላት። አራት ዓመት ብቻዋን ስትለፋበት የቆየችውን ነገር መንግሥትም እንደ ቁም ነገር ቆጠረው ማለት ነው ብላ፣ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ጡረታቸው የደረሰ የጂኦግራፊ መምህር መጥተው ተቀመጡ፤ ጋሼ ካርታ ይሏቸዋል። ጋሼ ካርታ ስልካቸው ሲጠፋባቸው የሚያበራላቸው የልጅ ልጃቸው ነው፤ የመጡትም ምሳ አለ ተብለው እንደሆነ አልደበቁም። በየወንበሩ ላይ ሁለት ነገር ተቀምጧል፤ አንድ ቀጭን መጽሐፍና አንድ የእንቁላል ትሪ። አርባ ወንበር፣ አርባ ትሪ። ሁሉም ትሪ ግራ ጥጉ ተቆርጧል።

"ልጄ፣ ምሳው እንቁላል ነው እንዴ?" አሉ ጋሼ ካርታ።

እሷ ግን መጽሐፉን ገልጣ ነበር። ሽፋኑ ላይ የወንድሟ ስም ከነማዕረጉ፣ "አዘጋጅ" ከሚል ቃል በታች ተጽፏል። ውስጡ የእሷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለሌሎች መምህራን ይጠቅማል ብላ ገጿ ላይ ያኖረችው፣ በአሥራ ሁለት ገጽ የጻፈችው ማብራሪያ ነው፤ ከነፎቶግራፉ። የቡፌው ብርጭቆዎች፣ ዳንቴሉ፣ በሦስተኛው ፎቶ ላይ ሽቦ የያዘው የአባቷ እጅ ሳይቀር አለ። እሷ ያን ጊዜ እንዲህ ብላ ነበር የጻፈችው፦ እኛ ቤት እንዳይግል ከሥሩ የእንቁላል ትሪ አድርገንለታል፤ ሶኬታችን በግራ ስለሆነ አባቴ ጥጉን ቆረጡለት። መጽሐፉ ይህንን በመሥሪያ ቤት አማርኛ አጥቦ አውጥቶታል፦ መሣሪያው ግራ ጥጉ አራት ጣት ያህል በተቆረጠና ሠላሳ ጉድጓድ ባለው የእንቁላል ትሪ ላይ እንዲቀመጥ ይደረጋል። ገጹን ገለጠች። ዘጠነኛው ገጽ ላይ የደረሰች ጊዜ እጇ ቆመ። እዚያ የጻፈችው ነገር ትዝ ይላታል፤ ስትጽፈው ዕንባዋ መጥቶ ስለነበር ልታጠፋው አስባ ተወችው፦ ጠዋትና ማታ ማሽኑን ጎንበስ ብለው የሚጎበኙ እንደ አባቴ ያሉ ሰው ቤታችሁ ካሉ ሌላ ጠባቂ አትፈልጉ። አባቴ መብራቱን ያያሉ፤ አረንጓዴ ከሆነ የሆነ ቦታ አንድ ልጅ እያነበበ ነው ማለት ነው፤ ያን ዕለት ቁርሳቸው ይጣፍጣቸዋል። ወንድሟ ከዚህ ላይ አንዲት ፊደል አልነካም። መንካትም አላስፈለገውም፤ አባታቸው አንድ ናቸው።

ማይክሮፎን የያዘው ወጣት አሠልጣኝ በሕይወቱ ድረ ገጽ ሠርቶ እንደማያውቅ አፉን ሲከፍት ያስታውቅ ነበር። መጽሐፉን አነበበላቸው። ቃል በቃል፣ ነጠላ ሰረዝ ላይ እየተነፈሰ፣ አነበበላቸው። ወንድሟ ከፊት ረድፍ ከክብር እንግዶች ጋር ተቀምጦ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ወደ ኋላ አልዞረም። ሰባተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ አሠልጣኙ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ትሪ ከፍ አድርጎ "ናሙናው ይህ ነው" አለ። መምህሯ የተቆረጠውን ጥግ፣ በጠርዙ ላይ የተጠቀለለውን ጥቁር ፕላስተር አየች። የጠዋቱ ትሪ። ከማሽኑ ሥር የተመዘዘው ትሪ። ማሽኑ አሁን በዳንቴሉ ላይ ተደፍቶ እየጋለ ነው ማለት ነው። እጇን አወጣች። ለምን የእንቁላል ትሪ እንደሆነ፣ ለምን በግራ እንደተቆረጠ ጠየቀች።

"ከጥናት የተገኘ ነው" አለ አሠልጣኙ፤ ወደ ወንድሟም እጅ ነሳ። ሶኬቱ በቀኝ በኩል የሆነበት ሰው ምን ያድርግ ብላ ደግማ ጠየቀች። አሠልጣኙ መጽሐፉን አገላበጠ፤ ቀኝ የሚል አጣ። "ሶኬቱን የማዛወር ጉዳይ የሚመለከተው የየትምህርት ቤቱን አስተዳደር ነው" አለ፤ አዳራሹም ማስታወሻ ያዘ።

ከሻይ በፊት ፈተና ነበር፤ አሥር ጥያቄ። ሰባተኛው ጥያቄ መሣሪያው በምን ላይ እንደሚቀመጥ ይጠይቃል። መምህሯ "ከሥሩ አየር በሚያስገባ በማናቸውም ነገር" ብላ ጻፈች። በቀይ ተሰርዞ ተመለሰላት፤ ዘጠኝ ከአሥር። ጋሼ ካርታ አሥር ከአሥር አገኙ። "አይዞሽ" አሏት፣ ወረቀታቸውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ እየከተቱ፣ "ኮምፒውተር ትንሽ ልምድ ይፈልጋል።" ከፈተናው ቀጥሎ ቅጽ መጣ። ከእንግዲህ የክፍል ድረ ገጽ የሚከፈተው በኮሚቴ ሲፈቀድ ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ ማዕከላዊ ገጽ ይገባሉ፤ ማዕከላዊው ገጽ በዝግጅት ላይ ነው፤ እስከዚያው እያንዳንዱ መምህር በግሉ የከፈተውን ድረ ገጽ ከዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መዝጋቱን በፊርማው ያረጋግጣል። ከአርባው መምህር ሠላሳ ዘጠኙ የሚዘጋው ነገር የለውም፤ ሠላሳ ዘጠኙም በደስታ ፈረመ። ጋሼ ካርታ እንዲያውም ለመዝጋት ምን መጫን እንዳለባቸው ጠይቀዋት፣ ምንም መጫን እንደማያስፈልጋቸው ስትነግራቸው እፎይ ብለው ነው የፈረሙት። ቅጹ እሷ ጋ ደርሶ መስመሯ ባዶውን እንደቀረ አለፈ።

ለምሳ ሲወጡ ስልኳን ከፈተች። የክፍል አለቃዋ ሦስት ጊዜ ጽፋላታለች። ቲቸር ገጹ እየቆየ ነው የሚከፍትልን። ቲቸር ጥያቄ አሥራ አራት ላይ ቆመብን። ቲቸር ጠፋ። ወንድሟን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ማንም የማይቀዳበት የውኃ ማጣሪያ አጠገብ አገኘችው። እሷን ሲያይ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ።

"ትሪውን መልስልኝ።"

"የቱን ትሪ?"

"ከማሽኑ ሥር የመዘዝከውን። ጠፍቷል። ልጆቹ መግባት አልቻሉም።"

ናሙና ሆኖ ገቢ ተደርጓል አላት፤ ቁጥር ተለጥፎበታል፤ አሁን የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው። የሚቀልድ መስሏት ፊቱን አየችው፤ አልቀለደም። ደግሞም የሚጠፋ ከሆነ ይጥፋ፣ ለማንኛውም ዛሬ የመዝጊያው ቀን አይደል እንዴ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በልጅነታቸው ዕቃ ሰብሮ ሲለምናት እንደሚያደርገው፣ ይዘበዝብባት ጀመር። አለቃው መመሪያ በሳምንት ውስጥ አምጣ አለው፤ የሌላ አገሩንም፣ የዩኒቨርሲቲውንም አይቷል፤ ሰው ሊያነበው የሚችል የእሷ ብቻ ነበር፤ ምክትል ኃላፊ ሆኖ ሊሾም ስሙ ገብቷል፤ ዛሬ ከአርባው አርባ ፊርማ ከገባ ነገሩ ያልቃል፤ የጎደለችው አንዲት ፊርማ ደግሞ የገዛ እህቱ ናት፤ ሰው ምን ይላል።

"ማብራሪያሽ መጨረሻ ላይ 'ማንም ይውሰደው' ብለሽ የጻፍሽው አንቺው ነሽ" አለ። "እኔ ማን ነኝ? ማንም አይደለሁም?"

"ይውሰደው አልኩ እንጂ ስሙን ይጻፍበት አላልኩም።"

"ወረቀት ነው እኮ የሚፈልጉት። ፈርመሽ ክፍት ብትተዪው ማን ያያል? አንድ ሰው ገብቶ የሚያይ ይመስልሻል?"

ይኼኛው ከሌላው ሁሉ የበለጠ አንገበገባት። ቢዘጉባት እንኳ የሚዘጉት ነገር መኖሩን አውቀው ነው ብላ ነበር። "ማታ አባባ ፊት እንነጋገራለን" አለችው። ወንድሟ ፊቱ ተለዋወጠ። እናታቸው ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ከዚያ የበለጠ ፍርድ ቤት የለም፤ ይግባኝም የለውም። መጽሐፉን እንዴት እንደምታነብላቸው፣ በየትኛው ገጽ እንደምትጀምር፣ የአባቷ እጅ ያለበትን ፎቶ እንዴት እንደምታሳያቸው በልቧ አቀናበረች። ምሳውን ሳትበላ ወጣች። በሩ ላይ ለየትምህርት ቤቱ የመጽሐፉ አሥር አሥር ቅጂ ይታደል ነበር፤ መረከቢያው ላይ ፈርማ ወሰደች፤ ለምን እንደወሰደች ያን ጊዜ እሷም አላወቀችም።

ቤት ስትደርስ አባቷ ከጡረተኛ ጓደኞቻቸው ጋር ዳማ ሊጫወቱ ወጥተዋል። የወንድሟ ሚስት ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ጤና ነው ወይ በዚህ ሰዓት አለቻት፤ ጤና ነው አለቻት፤ ሌላ አልተነጋገሩም። ማሽኑ እንደ ካውያ ግሏል። ከሥሩ ዳንቴሉ ቡናማ ሆኗል፤ እናቷ የሠራችው ዳንቴል ነው። መብራቱ ጠፍቷል። ነቅላ፣ ወደ መስኮቱ ወስዳ፣ አቧራውን ነፍታ፣ እስኪበርድ እንደታመመ ሰው እጇን ጫን እያደረገች ጠበቀችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች። አምስት መጽሐፍ በቀኝ፣ አምስት መጽሐፍ በግራ ደረደረች፤ ሁለት ትንንሽ ግንቦች ሆኑ፤ ማሽኑን በላያቸው ላይ አስቀመጠችው። ከሥሩ መዳፍ የሚያስገባ ያህል ክፍተት አለ። ከሥሩ አየር በሚያስገባ በማናቸውም ነገር አለች በሆዷ፤ ሰካችው። መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ አረንጓዴ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አርባ አንድ ልጆች ገቡ፤ በአሥር ደቂቃ ዘጠና። የክፍል አለቃዋ፣ ቲቸር መጣ መጣ ብላ ጻፈች።

ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወንድሟ መጣ፤ ቅጹን በፕላስቲክ አቃፊ ይዟል። ሾፌሩ ውጭ እየጠበቀው ነው፤ ዛሬውኑ ይገባል ተብሏል። አባቷ ቀድመውት መጥተው፣ ወንበራቸው ላይ መነጽራቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። ራት ቀርቧል፤ ሾርባና ዳቦ። መምህሯ ከእነ ንዴቷ፣ የምትለውን ሁሉ በተርታ ይዛ፣ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። "አባባ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው" አለች።

"ቆይ፣ እኔ ላስቀድም" አሉ አባትየው። ከጎናቸው መጽሐፉን አነሡ። ትናንት ማታ ሊቁ ሰጥቷቸው ኖሯል፤ ዛሬ ዳማ ቤት ወስደውት ጓደኞቻቸው ሁሉ አይተውታል፤ እጃቸውን በፎቶው ላይ አውቀዋል፤ የድሮ አለቃቸው የነበሩት ሰውዬ እንኳ ሁለት ጊዜ አንብበውታል። ዘጠነኛውን ገጽ ምልክት አድርገውበት ነበር። አወጡትና፣ ጣታቸውን ከመስመሩ በታች እያስኬዱ፣ እንደ ተማሪ ልጅ ጮክ ብለው አነበቡት። አረንጓዴ ከሆነ የሆነ ቦታ አንድ ልጅ እያነበበ ነው የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

"አርባ ዓመት መስመር ስዘረጋ ማን ምን እንዳወራበት አላወቅኩም" አሉ። "ልጄ ስለ እኔ እንዲህ ይጽፋል ብዬ አስቤም አላውቅ። ማሽኑን የሠራሽው አንቺ ነሽ፤ እሱን አልክድም። ግን መጻፍ ሌላ ነው። የሰው ልብ ማየት ነው። እሱ ነበር ያየው።"

 የወንድሟ ሚስት ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች፤ ነገሩን እንደምታውቅ ከፊቷ ያስታውቃል። ወንድሟ ሾርባው ውስጥ አተኩሮ ይመለከታል፤ ጆሮው እስከ ጫፉ ቀልቷል። አንዲት ቃል ቢናገር፣ እኔ አይደለሁም አባባ ቢል፣ እህቱ ምናልባት ያን ጊዜውኑ ይቅር ትለው ነበር። ጠበቀችው። ሾርባው ቀዘቀዘ። አባትየው ዞር ብለው የእሷን ፊት አዩ፤ "ምን ልትነግሪኝ ነበር?" አሉ።

መምህሯ የአባቷን እጅ አየች፤ በመጽሐፉ ላይ እሳት እንደሚሞቅ ሰው እጅ ተዘርግቷል። በተርታ ያዘጋጀችውን ነገር ሁሉ ተወችው።

"ስለ መጽሐፉ ነበር" አለች። "ጥሩ ጽፏል ልል ነው።"

ወንድሟ ቀና አለ። ለአንድ አፍታ የሚያመሰግናት መስሏት ነበር። እሱ ግን ከጠረጴዛው ሥር አቃፊውን ከፍቶ፣ ቅጹን በሳህኗና በዳቦው መካከል አስጠጋላት፤ እስክሪብቶውንም በላዩ አኖረ። ከውጭ ሾፌሩ አንዴ ጥሩንባ ነፋ። አባትየው ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ "ወንድምሽ ከሆነ ፈርሚለት እንጂ" አሉና፣ በልማዳቸው ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ቡፌው ሄዱ። ጎንበስ ብለው ከማሽኑ ሥር የተደረደሩትን አሥር መጻሕፍት አዩ፤ ትሪው የት ሄደ ብለው ይጠይቃሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ሳቁ። ይኼ ልጅ መጽሐፉ እንኳ ቤት ይደግፋል አሉ።

እሷ ቅጹ ላይ አቀረቀረች። በግሌ የከፈትኩትን ድረ ገጽ መዝጋቴን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። አርባኛው መስመር ነው፤ ሌላው ሁሉ ሞልቷል። ስሟን በሙሉ ጻፈች፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳ እስኪደርስ ተጭና ፈረመች።

"አረንጓዴ ነው" አሉ አባቷ ከኋላዋ።